የከብት መኖና በጆንያው ላይ የተጻፈው ስም

በጽሑፍ የተሰጠ ቃል ከአፍ ከሚወጣ ቃል ይልቅ የጸና መሆኑ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ሰው ባፉ የተናገረውን ሊክድ ይችል ይሆናል፤ ጽፎ ያኖረው ግን እርሱ በሌለበት ስፍራ እንኳ ይመሰክርበታል። ነጋዴም በሚሸጠው ዕቃ ላይ ስሙንና ዓይነቱን ሲጽፍ «በውስጡ ያለው ይህ ነው» ብሎ ቃሉን መስጠቱ ነው። ገዢውም የጆንያውን አፍ ሳይፈታ ዋጋውን የሚከፍለው ይህንኑ ቃል አምኖ ነው። እንግዲህ ጽሑፉ አንድ፣ በውስጡ ያለው ሌላ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ፣ የተበላሸው የአንድ ጆንያ ንግድ ብቻ አይደለም፤ ምስክርነት ተበላሽቷል ማለት ነው።

ይህ ነገር በማናቸውም ሸቀጥ ላይ ክፉ ነው፤ በከብት መኖ ላይ ሲሆን ግን ከሁሉ የከፋ ነው። ሰው የገዛው እህል ቢሸተው ይጥለዋል፤ ቢመረው ይተፋዋል፤ ቢያመው ለሐኪም ይናገራል። ላም ግን የቀረበላትን ትበላለች፤ ጽሑፍ አታነብም፤ የበላችው ቢጎዳትም ጉዳቱ ከየት እንደ መጣባት ልትናገር አትችልም። ጉዳቱም በእርስዋ ብቻ አይቀርም፤ ወተት ሆኖ ወደ ሕፃን፣ ሥጋ ሆኖ ወደ ማዕድ ይመጣል። ስለዚህ መኖንና የመኖን ጽሑፍ መቆጣጠር ለእንስሳ ከማዘን ያለፈ ጥቅም የሌለው መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፣ ነገሩን እስከ ፍጻሜው አልተከተለውም።

ይህንን አስቀድመው ከተረዱት መንግሥታት አንዱ የአሜሪካ መንግሥት ነው። እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1906 ዓ.ም. ስለ ምግብና ስለ መድኃኒት ንጽሕና ባወጣው ሕግ፣ በኋላም በ1938 ዓ.ም. በዚያ ፈንታ ባቆመው ሕግ፣ «ምግብ» የሚለውን ቃል ሲተረጕም የሰውንና የእንስሳን ምግብ በአንድነት አገባው። (ያገራችን ነው ካላልን በቀር ከዚህ በታች የምንጽፈው ዘመን ሁሉ በዚሁ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።) በዚህም ሕግ መሠረት ጽሑፉ ሐሰት የሆነ ወይም የሚያሳስት ምግብ፣ ምንም መርዝ ባይገኝበት፣ ስለ ጽሑፉ ሐሰትነት ብቻ ሊያዝ፣ የላከውም ሰው ሊቀጣ ይችላል። ዳሩ ግን ሕግ መጻፉና ሕግ መጠበቁ ልዩ ልዩ ነገር መሆኑን ያው አገር በ1973 ዓ.ም. በብዙ ኪሣራ ተማረው። ታሪኩ ለሹማምንትም ለሕዝብም ትምህርት የሚሰጥ ስለ ሆነ በዝርዝር እንጽፈዋለን።

በሚሺጋን ግዛት ሴይንት ሉዊስ በምትባል ከተማ ሚሺጋን ኬሚካል የሚባል ኩባንያ ፋብሪካ ነበረው። ይህ ፋብሪካ ከሚያወጣቸው ብዙ ነገሮች ሁለቱን ብቻ እንጥቀስ። አንደኛው ማግኒዚየም ኦክሳይድ ነው፤ ይህም ለወተት ላሞች መኖ ላይ በጥቂት በጥቂቱ የሚጨመርና የሚጠቅም ሲሆን፣ የንግድ ስሙ ኑትሪማስተር ይባል ነበር። ሁለተኛው ፒ.ቢ.ቢ. በሚል አጭር ስም የሚጠራ፣ ፕላስቲክ እሳት ቶሎ እንዳይዘው የሚቀላቀልበት ኬሚካል ነው፤ የንግድ ስሙም ፋየርማስተር ነበር። አንዱ ለላም ሆድ፣ አንዱ ለዕቃ መሥሪያ የተዘጋጀ ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱም በዱቄት መልክ በከረጢት የሚታሸጉ፣ ስማቸውም እኩሌታው አንድ የሆነ፣ ከአንድ ፋብሪካ የሚወጡ ነበሩ።

በ1973 ዓ.ም. ከ10 እስከ 20 የሚሆኑ ባለ 50 ፓውንድ የፋየርማስተር ከረጢቶች በኑትሪማስተር ፈንታ ተጭነው፣ ባትል ክሪክ በምትባል ከተማ አጠገብ ወደሚገኝ የመኖ ፋብሪካ ተላኩ። ሲጫን ስሙን አስተውሎ ያገደ ሰው አልተገኘም፤ ሲራገፍም ስሙን አስተውሎ የጠየቀ ሰው አልተገኘም። መርዙ ከመኖው ጋራ ተቀላቀለ፤ መኖውም ማግኒዚየም ኦክሳይድ ያለበት ነው ተብሎ፣ በዚያው በመልካሙ ስም ለገበሬዎች ተሸጠ። የተሳሳተው ከረጢት ከአለቀ በኋላ እንኳ በመቀላቀያው መኪና ላይ የቀረው ትቢያ ቀጥሎ ከሚፈጨው ከሌላው መኖ ጋራ እየገባ፣ የላሙ መከራ ወደ አሳማውና ወደ ዶሮው ተሻገረ።

በዚያው ዓመት በመጸው ወራት ከገበሬዎቹ የአንዱ ላሞች መብላት ተዉ፤ ወተታቸውም በጥቂት ቀን ውስጥ ወረደ። ውለው አድረው ጠጕራቸው ይረግፍ፣ ሰኰናቸው ያለ መጠን ያድግ ጀመር፤ ጥጆችም ሞቱ። ይህ ገበሬ የኬሚካል ምሕንድስና የተማረ ሰው ስለ ነበረ፣ ጥፋቱ ከመኖው መሆኑን ጠርጥሮ ለሸጠው ድርጅትም ለግዛቱ ሹማምንትም አመለከተ፤ ከገንዘቡም እያወጣ መኖውን ከአንዱ የመመርመሪያ ቤት ወደ ሌላው ላከ። ሌሎች ገበሬዎችም ተመሳሳይ አቤቱታ ባቀረቡ ጊዜ፣ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሌላ ሰው እንደሌለ፣ ጥፋቱም የገዛ ራሳቸው የከብት አያያዝ ጕድለት እንደ ሆነ የተነገራቸው ነበሩ። እያንዳንዱም በየበረቱ ብቻውን ሲያዝን፣ ጐረቤቱም በዚያው ጭንቀት ውስጥ መሆኑን አያውቅም ነበር።

የመርዙ ስም ተለይቶ የታወቀው በ1974 ዓ.ም. በጸደይ ወራት ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙ ወራት አልፈዋል፤ በነዚያም ወራት ውስጥ ከታመሙት ላሞች የታለበው ወተት ከሌላው ወተት ጋራ እየተቀላቀለ፣ ሥጋውና እንቍላሉም ገበያ እየወጣ፣ የግዛቱ ሕዝብ ሁሉ ሲበላውና ሲጠጣው ቈይቷል። ከዚህ በኋላ ከ500 የሚበልጡ እርሻዎች ምንም እንዳይሸጡ ተዘጉ። 30,000 ያህል ከብቶች፣ 4,500 ያህል አሳሞች፣ 1,500 ያህል በጎች፣ 1,500,000 ያህልም ዶሮዎች እየተገደሉ ተቀበሩ፤ 5,000,000 የሚጠጋ እንቍላልም ተጣለ። ካልካስካ በሚባል አውራጃ ትልቅ ጕድጓድ ተቆፍሮ ከብቶቹ በዚያ ውስጥ ተደፉ። እንግዲህ የዚህ ሁሉ ጥፋት መነሻ ሰው በትከሻው ሊሸከማቸው የሚችላቸው ጥቂት ከረጢቶች እንደ ነበሩ ልብ ይሏል።

የገበሬዎቹ መከራ መርዙ በመታወቁ አላበቃም። መንግሥት በወተትና በሥጋ ስብ ውስጥ ሊገኝ የሚፈቀደውን የመርዝ ልክ መጀመሪያ ከሚሊዮን 1 እጅ ይሁን አለ፤ በዚያው በ1974 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ 0.3 ዝቅ አደረገው፤ የሚሺጋን ግዛት ደግሞ በ1977 ዓ.ም. ለብቻው ባወጣው ሕግ ወደ 0.02 አወረደው። ልኩ ከፍ ባለበት ጊዜ መንጋው ከልኩ በታች የሆነበት ገበሬ፣ ከብቶቹ በዓይኑ ፊት እየመነመኑ፣ «ያንተ ንጹሕ ነው» ተባለ፤ ስለዚህም ካሣ አያገኝም፤ ወተቱን ይሸጥ ዘንድ ተፈቅዶለታል፤ ኅሊናው ግን አልፈቀደለትም። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት የሚለው ያገራችን ተረት ለእነዚህ ሰዎች የተነገረ ይመስላል። ከነርሱም አንዳንዶቹ ለሰው መርዝ አንሸጥም ብለው መንጋቸውን በገዛ እጃቸው ተኵሰው ገደሉ። ከ40 ዓመት በኋላ እንኳ በዚያ ግዛት ሰዎች ደም ውስጥ ይኸው ኬሚካል ይገኝ ነበር፤ የሊቃውንቱም ምርመራ ወደ ልጆቻቸው ወርዷል።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? በመጀመሪያ፣ ጽሑፍ የሚጠቅመው የሚያነበው ሲኖር ብቻ መሆኑን ነው። ከረጢቱ ከፋብሪካ እስከ ላሟ አፍ ድረስ በብዙ እጅ አልፏል፤ ከነዚያ እጆች አንዱ ቆም ብሎ ስሙን ቢያነብና ቢጠይቅ ኖሮ ነገሩ በዚያው ይቀር ነበር። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው መርማሪ ገበሬው ራሱ መሆኑን ነው። ላሙን በየቀኑ የሚያያት እርሱ ነው፤ እርሱ «መኖው ልክ አይደለም» ሲል ሹሙ አቤቱታውን በትዕግሥት ጽፎ መቀበል እንጂ የአያያዝ ጕድለት ነው ብሎ መመለስ አይገባውም። ሦስተኛ፣ አቤቱታዎች ባንድ መዝገብ ካልተሰበሰቡ በቀር እውነቱ አይታይም። የአንዱ በረት መከራ ብቻውን ሲታይ እንደ ዕድል ይቈጠራል፤ የ10 በረት መከራ ባንድ ገጽ ላይ ሲጻፍ ግን በደሉን ያወጣል።

ምናልባት «ይህ ስሕተት ነው እንጂ ተንኰል አይደለም፤ ሕግስ የሚቀጣው ተንኰለኛውን ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። በርግጥ ስሕተትና ተንኰል በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት እኩል አይደሉም፤ ቅጣታቸውም እኩል ሊሆን አይገባም። ዳሩ ግን ላሟ ስትሞት የገዳይዋን አሳብ ጠይቃ አትሞትም። ስለዚህ ሐሰተኛ ጽሑፍ ያለበትን መኖ ከገበያ ለማውጣት ሹሙ የሻጩን ልብ እስኪመረምር ድረስ ሊጠብቅ አይገባውም፤ መኖው ዛሬውኑ ይያዝ፣ የልብ ነገር በዳኛ ፊት ይታያል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1943 ዓ.ም. በዶተርዋይክ ነገር ላይ በፈረደ ጊዜ፣ ጽሑፉ ሐሰት የሆነ መድኃኒት የላከ ድርጅት ኀላፊ ሐሰቱን ባያውቅ እንኳ በሕጉ ተጠያቂ ሊሆን እንደሚችል ወስኗል። ዳኞቹ 5 ለ4 ሆነው መከፈላቸው ነገሩ ከባድ እንደ ነበረ ያሳያል፤ ያሸነፈው አሳብ ግን ይህ ነው፤ ከአደጋው ሊጠበቅ የማይችለው ገዢ ከሚጐዳ ይልቅ፣ ሊጠነቀቅ የሚችለው ሻጭ የጥንቃቄን ሸክም ይሸከም።

ተንኰሉም ቢሆን የታየ ነገር ነው። በ2007 ዓ.ም. ከቻይና ወደ አሜሪካ የገባ፣ «የስንዴ ግሉተን» ማለት ከስንዴ የወጣ ገንቢ ምግብ የሚል ጽሑፍ ያለበት ሸቀጥ ለውሾችና ለድመቶች ምግብ መሥሪያ ተሸጠ፤ ብዙ እንስሳትም ኵላሊታቸው እየታመመ ሞቱ። ሲመረመር ሜላሚን የተባለ፣ ለፕላስቲክ መሥሪያ የሚያገለግል ኬሚካል ተገኘበት። ተንኰሉ እንዲህ ነው፤ የመመርመሪያ ቤቶች የምግብን ገንቢነት የሚለኩት ብዙ ጊዜ በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን በመቍጠር ነው፤ ሜላሚን ደግሞ ናይትሮጅን የበዛበት ስለ ሆነ፣ የረከሰ ዱቄት ላይ ቢጨመር በሚዛኑ ፊት ውድ ምግብ መስሎ ይታያል። ከዚሁ ምግብ የተረፈው ለአሳማና ለዶሮ መኖ ተሰጥቶ ስለ ነበረ፣ ሹማምንቱ ነገሩን እስከ ሰው ማዕድ ድረስ መከታተል ግድ ሆነባቸው። ሸቀጡን ያስገባው የአሜሪካ ድርጅትና ባለቤቶቹ በ2009 ዓ.ም. የተበላሸና ጽሑፉ ሐሰት የሆነ ምግብ በመሸጥ ጥፋተኛነታቸውን በፍርድ ቤት አመኑ። ነገር ግን በዚህ መካከል በ2008 ዓ.ም. ያው ተንኰል በቻይና በሕፃናት ወተት ላይ ተገልጦ፣ 300,000 ያህል ሕፃናት ታመሙ፤ 6ቱም ሞቱ። በእንስሳ ምግብ ላይ የታየ ሐሰት በሕፃን ወተት ላይ ከመታየቱ በፊት የነበረው ጊዜ አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ነበር። በእንስሳ ላይ የደረሰውን ንቆ የሚያልፍ መንግሥት የራሱን ማስጠንቀቂያ ንቆ ያልፋል ያልነው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በአገራችን አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 728/2004 ወጥቷል። ስለዚህ ሕግ የለም ማለት አይቻልም። ጥያቄው ሕጉ ከወረቀት ወርዶ እስከ ገበያው ጆንያ ድረስ ደርሷል ወይ የሚል ነው። ከተማ አጠገብ ላም የሚያልብ ሰው የሚገዛው ፋጉሎና ፉርሽካ ብዙ ጊዜ ምንም ባልተጻፈበት ጆንያ፣ ወይም የስኳር፣ የስሚንቶና የማዳበሪያ ስም ባለበት በአሮጌ ጆንያ ታስሮ ይመጣል። ሐሰተኛ ስም ያለው ጆንያ ይዋሻል፤ ስም የሌለው ጆንያ ደግሞ አይመሰክርም። ለተጐዳው ሰው ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ጥፋቱ በደረሰ ጊዜ «ከማን ነው የመጣው?» ቢባል መልስ የለውምና።

ይህ ሥጋት በአሳብ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። በኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. በታተመ የሊቃውንት ምርመራ፣ ለአዲስ አበባ ወተት ከሚያቀርበው አካባቢ 110 የወተትና 156 የመኖ ናሙናዎች ተመርምረው ነበር። መኖው ሁሉ አፍላቶክሲን የተባለ፣ ከሻጋታ የሚወጣ፣ ጕበትን የሚጐዳና ነቀርሳ የሚያመጣ መርዝ ተገኝቶበታል፤ ከወተቱም ናሙና 29ኙ በሊትር ከ0.5 ማይክሮግራም የሚበልጥ መርዝ ነበረባቸው። የመርዙም ዋና መግቢያ የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ታይቷል። እርግጥ ሻጋታ የማንም ተንኰል አይደለም፤ እርጥበትና መጥፎ ማከማቻ ያመጣዋል። ነገር ግን የሻገተ ፋጉሎ ከደኅናው ተቀላቅሎ «ጥሩ ፋጉሎ» ተብሎ በተሸጠ ጊዜ፣ ያን ጊዜ የስም ሐሰት ተጨምሮበታል። መቼና የት እንደ ተጨመቀ፣ የማን እንደ ሆነ በጆንያው ላይ ባልተጻፈ ጊዜም፣ መርማሪው መርዙን ቢያገኘው ወደ ምንጩ ሊከተለው አይችልም።

ይህን በመሰለ ነገር ላይ የሚነሣው ትልቁ መቃወሚያ የዋጋ ነገር ነው። «መኖ ዛሬም ውድ ነው፤ ቍጥጥር ቢጠብቅ ዋጋው ይጨምራል፤ ትንሹ ነጋዴም ከገበያ ይወጣል» ይላሉ። ይህ ቃል በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ድኻው ነጋዴ የማይሞላው ሥርዓት ቢደነገግበት ሕጉ የሀብታሞች መጠበቂያ ይሆናል። ስለዚህ ቍጥጥሩ ከየጕልቱ ሳይሆን ከምንጩ፣ ማለት ከዘይት መጭመቂያው፣ ከዱቄት ፋብሪካውና ከመኖ መቀላቀያው መጀመር አለበት። ጥቂቶቹ ፋብሪካዎች በየጆንያው ላይ ስማቸውን፣ የመኖውን ዓይነትና የተዘጋጀበትን ቀን በግልጥ አማርኛና በየአገሩ ቋንቋ ቢጽፉ፣ ቸርቻሪው ምንም ወጪ ሳያወጣ በዚያው ጽሑፍ ይጠበቃል። ለቀለምና ለማተሚያ የሚወጣው ገንዘብም አንዲት የምትታለብ ላም ከሞተችበት ሰው ኪሣራ ጋራ ሲመዘን ከምንም አይቈጠርም። ርካሽ መኖ ማለት በጥቂት ገንዘብ የተገዛ ማለት አይደለም፤ ላሟን የሚመግብ ማለት ነው።

እንግዲህ በየአውራጃው የተሾሙ የግብርናና የንግድ ሹማምንት ሊያደርጉት የሚችሉት ብዙ ነው፤ ይኸውም አዲስ አዋጅ የሚያስፈልገው አይደለም። አሮጌ ጆንያ መልሶ ለመኖ የሚያገለግል ከሆነ የቀድሞው ስም ተሰርዞ የመኖው ስም ይጻፍበት። መርማሪው የባለቤቱን ቡና ጠጥቶ መዝገብ ፈርሞ ከመሄድ ይልቅ ከጆንያው ውስጥ ናሙና ይውሰድ፤ ናሙናውንም በሁለት ከፍሎ አንዱን ለባለቤቱ ትቶ አንዱን አሽጎ ይላክ፤ እንዲህ ሲሆን ሻጩም በሐሰት እንዳይከሰስ ይጠበቃል። ገበሬ «ላሞቼ ከዚህ መኖ በኋላ ታመሙ» ብሎ ሲመጣ አቤቱታው በቀኑ ተጽፎ ደረሰኝ ይሰጠው፤ የቀረውም መኖ ሳይጣል ይታሸግ። ሐሰት የተገኘበት መኖም በምስጢር ወደ ሻጩ ተመልሶ በሌላ አውራጃ እንዳይሸጥ፣ ስሙ በግልጥ ይነገር። ለነጋዴው ማፈር የሚራራ ሹም ለማያውቀው ገበሬ ሳይራራ ቀርቷል።

ስለ ካህናቱም አንድ ቃል እንጨምር። በገጠር ሕዝቡ ከመርማሪው ይልቅ የንስሓ አባቱን ያያል፤ ነጋዴውም ከዳኛ ፊት ቢያመልጥ ከንስሓ አባቱ ፊት ይቀርባል። ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ ሐሰተኛ ሚዛን አጥብቀው እንደሚናገሩ፣ የሙሴም ሕግ እህል የሚያበራየውን በሬ እንኳ እንዳልረሳው መምህራን ያውቁታል። እንግዲህ በሚዛን ማጭበርበር ኀጢአት መሆኑን የሚያስተምር ካህን፣ የሻገተውን ከደኅናው መደባለቅና በማይገባው ስም መሸጥም ያው ኀጢአት መሆኑን ጨምሮ ቢያስተምር፣ ለመርማሪው ትልቅ ረዳት ይሆነዋል።

በሚሺጋን የሆነው ሁሉ ከሆነ በኋላ ምርመራው በዛ፤ ሕጉም ጠበቀ፤ ልኩም ወረደ። ይህ መልካም ነው፤ ግን ለ30,000ዎቹ ከብቶችና ለባለቤቶቻቸው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት ዓይነት ሆነ። እኛ የሌላውን መከራ በነጻ ልንማረው ተሰጥቶናል። መርማሪ ወደ ገበያ ሲወጣ፣ በመጋዘን ደጃፍም ሲቆም፣ ከፊቱ ያለችው ጆንያ ትንሽ ነገር መስላ ልትታየው ትችላለች። ነገር ግን እጁን ዘርግቶ የተጻፈባትን ያንብብ፤ ያልተጻፈባት እንደ ሆነም ስለ ምን እንዳልተጻፈባት ይጠይቅ። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ይህ ነው፤ ሥራውም ከዚህች ከአንዲት ጥያቄ ይጀምራል።